መንገዱ የማን ነው? ኅብረተሰቡ ከሴት የሚጠብቀው ነገር በአማርኛ ልቦለድ

(በይጁቤ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ኅብረተሰቡ ከሴት የሚጠብቀው ነገር በልቦለድ ውስጥ እንዴት እንደሚሣል ነው። ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የምናነሣው የሕንድን ልቦለድ ስናስተምር ነው፤ በዚያ አገር ጉዳዩ ከመቶ ዓመት በላይ ተጽፎበታል፤ ብዙም ክርክር ተደርጎበታል። ዛሬ ግን ከራሳችን ደጃፍ ልጀምር። ወደ ሕንድ የምሻገረው ንጽጽሩ የራሳችንን መልክ አጥርቶ ሲያሳየን ይሆናል።

አንድ ኅብረተሰብ ከሴት ምን እንደሚጠብቅ ከልቦለድ ለመረዳት የሚሻ አንባቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ገፀ ባሕርያቱ ስለ ሴት የተናገሩትን ቃል ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚል ሽማግሌ ካገኘ ያሰምርበትና ያልፋል። እንዲህ ያለው ንባብ ጥቅም አለው፤ ይሁን እንጂ ብዙ አያርቅም። በቃል የተነገረ ነገር መልስ ሊሰጠው ይችላል፤ አንዱ ሲናገረው ሌላው ይቃወመዋል። ከሁሉ የሚጠነክረው ማንም ሳይናገረው ሁሉም የሚያውቀው፣ ደራሲው ራሱ ሳይቀር እንደ አየር የሚተነፍሰው ግምት ነው። ይህን ግምት ለመያዝ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ሴቲቱ አንድ ነገር ለማድረግ ስትነሣ፣ አንባቢው እንዲቀበላት ደራሲው ምን ያህል ምክንያት መደርደር እንዳስፈለገው መቁጠር ነው።

ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት መለኪያ መንገድ ነው። በልቦለዶቻችን ውስጥ ወንድ ገፀ ባሕርይ ከቤቱ ተነሥቶ ሲሄድ ደራሲው አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። «ስንቁን ይዞ ወጣ» ካለ አንባቢው ተከትሎት ይሄዳል። ሴቲቱ ስትነሣስ? ለምን ወጣች? ከማን ጋር ወጣች? ምን ለብሳ ወጣች? ማን ፈቀደላት? ማታ የት አደረች? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቀው አንባቢው ነው፤ ደራሲውም እንደሚጠየቅ ስለሚያውቅ አስቀድሞ መልስ ያዘጋጃል። እነዚያ መልሶች ኅብረተሰቡ ከሴት የሚጠብቀው ነገር ዝርዝር መዝገብ ናቸው።

ስለ መንገድ በይጁቤ መናገር ደግሞ የራሱ ትርጉም አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከጊቤ አገሮች የሚነሣው የሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱንና ዝባዱን ጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ እዚህ ያራግፍ ነበር። ሸቀጡም ከዚህ ተነሥቶ ወደ ጎንደርና ወደ ምፅዋ ያልፍ ነበር። በዚያው መንገድ ብዙ ሴቶችም አልፈዋል፤ ብዙዎቹ ግን የተሸጡ ነበሩ። እንግዲህ ይህች ከተማ የቆመችበት ምድር የመንገድን ጥቅምና ክብር ያውቃል። መንገዱ ለሁሉ እኩል እንዳልነበረም ያውቃል።

በዚህ መለኪያ ወደ መጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ እንሂድ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የምንለው፣ በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመ። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አባትየው የጦር አለቃ ነው፤ በጦርነት ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ቤዛውን ከፍሎ ያስለቅቀዋል። መንታዎቹ ልጆቹ ዋሕድና ጦቢያ ናቸው። ዋሕድ ያንን ነጋዴ ፍለጋ ወጥቶ በመንገድ ላይ በባርነት እጅ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ አባትና ሴት ልጁ እሱን ፍለጋ ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዋሕድ ሲወጣ እንዳለ ወጣ። ጦቢያ ስትወጣ ግን የወንድ ልብስ ለብሳ ነው፤ አባቷ አብሯት እየሄደ እንኳ ሴት መሆኗ መሸፈን ነበረበት። የታሪኩም ብዙ ውጥረት ከዚህ ይመነጫል፤ አንዲት የነገሥታት ዘመድ ጦቢያን ወንድ መስላት ታፈቅራታለች። ምስጢሩ ሲገለጥ ደግሞ ንጉሡ ራሱ ጦቢያን ይወዳታል፤ በእሷም ምክንያት ሃይማኖቷን ይቀበላል። በትምህርት ክፍላችን ይህ ልቦለድ ብዙ ጊዜ የሚነበበው እንደ ሃይማኖታዊና አገራዊ ምሳሌ ነው፤ ጦቢያ የሚለው ስም ራሱ ኢትዮጵያ ማለት ነውና ንባቡ ተገቢ ነው። ሆኖም አንዲት ልጅ አገርን ወክላ ስትቆም ለራሷ የሚተርፋት ቦታ ምን ያህል ነው የሚለውን ጥያቄ አብረን ልናነሣው ይገባል። ጦቢያ ውብ ናት፣ ታማኝ ናት፣ እምነቷን አትለውጥም። አገር እንድትሆንልን የምንመኘውን ሁሉ ናት። እሷ ራሷ ምን እንደ ፈለገች ግን ከልቦለዱ ብዙ አናውቅም። ልብሱን ስታወልቅ መንገዱም አበቃ፤ ቀጥሎ የመጣው ሠርግ ነው።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ በ1923 ዓ.ም.፣ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «የልብ ሐሳብ፦ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ»ን አሳተሙ። ይህ መጽሐፍ የልጅነት ጋብቻን ጉዳት በግልጽ ያነሣል። ለታሪካችን ትልቅ እርምጃ ነው፤ ጋብቻ ራሱ የክርክር ርእስ ሆኗልና። ክርክሩ ግን ሴት መቼና እንዴት ትዳር በሚለው ዙሪያ ነው። ባትዳርስ፣ ወይም ወደ ሌላ ብትሄድስ የሚለው ጥያቄ ገና አልተወለደም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ደረስኩ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ደራሲው የዚህ አገር ልጅ ናቸው፤ ታሪኩም ከማንኩሳ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም እስከ አዲስ አበባ መንገድ ድረስ በምናውቃቸው ቦታዎች ላይ ይሄዳል። ከእናንተ መካከል መጽሐፉን በዐይናችሁ ከማንበባችሁ በፊት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የሰማችሁት ጥቂት አትሆኑም። በዚህ ምክንያት ሰብለ ወንጌልን የማያውቅ ጎጃሜ ቢፈለግ አይገኝም። እኔም የማነሣት ለማስተዋወቅ ሳይሆን እንደገና እንድናያት ነው።

ልቦለዱ ግን በሰብለ አይጀምርም፤ ከእሷ በፊት ሌላ ሴት አለች። የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙ ከቦጋለ መብራቱ በፊት ያገባቻቸው ባሎች ሞተውባታል። አገሩ የሞታቸውን ምክንያት የሚፈልገው በእሷ ላይ ነው፤ ሰው ይፈራታል፣ ይሸሻታል። ባል የሞተበትን ቤት ሐዘን የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቁታላችሁ። ሐዘንተኛይቱ ተከሳሽ ሆነች ማለት ነው። በሌላው ዳር ሰብለ ወንጌል አለች። እሷ ደግሞ ምንም ባል አላገባችም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን አማች ሲመርጡ፣ አንዱን ሲያነሡ ሌላውን ሲጥሉ፣ እኩዮቿ ተድረው ልጆች ሲወልዱ እሷ ቀረች። እሷም በሰው አፍ ገባች።

ሐዲስ ዓለማየሁ እነዚህን ሁለት ሴቶች በአንድ መጽሐፍ ማስቀመጣቸው ትልቅ ማስተዋል ነው። አንዷ በማግባቷ ተወቀሰች፤ ሁለተኛዋ ባለማግባቷ። ሁለቱም በገዛ እጃቸው ያላመጡትን ነገር እንዲመልሱ ይጠየቃሉ። ከሴት የሚጠበቀው ነገር አንድ ቀጥተኛ ሕግ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በመታዘዝ ማምለጥ ይቻል ነበር። ልቦለዱ የሚያሳየን ግን ትእዛዛቱ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ መሆናቸውን ነው። «ቶሎ አግቢ» እና «ከአንቺ በታች ያለውን አታግቢ» የሚሉ ሁለት ቃላት በአንድ እልፍኝ ውስጥ ይነገራሉ። ሁለቱንም ፈጽማ ልትገኝ የምትችል ልጅ የለችም። ልጅቱ በሁለቱ መካከል ስታረጅ ግን ጥፋቱ የእሷ ይሆናል።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላም ነገር አለ። ፊታውራሪ መሸሻ ሴት ልጃቸውን አይጠሉም። እናቷ ወይዘሮ ጥሩአይነትም አይጠሏትም። በቤታቸው ትልቁ ሀብት እሷ ናት፤ የሚጠብቋትም እንደ ሀብት ነው። እንዲያውም ፊደል እንድትማር መምህር ተቀጥሮላታል። ለፊታውራሪ ንባብ የልጃቸውን ዋጋ የሚያስጨምር ጌጥ ነው። ሰብለ ግን ከበዛብህ ጋር ፊደሉን ስትማር የራሷን ልብ የምታነብበት መሣሪያ አገኘች። ክልከላ በጥላቻ ብቻ ይመጣል ብለን የምናስብ ካለን ይህን ቤት ደግመን እንየው። ልጅቱን ያሰራት ፍቅር የሚሉት ነገር ነው፤ ለዚህም ነው ሰብሮ መውጣቱ የከበዳት። ጠላትን አምልጦ መሄድ ቀላል ነው፤ የሚወድን አባት ጥሎ መሄድ ግን ክሕደት ተብሎ ይቆጠራል።

እንደምታስታውሱት ምስጢሩ ሲታወቅ በዛብህ ይሸሻል። ቆይቶ ሰብለም ትወጣለች። በዛብህ እንደ ተማሪ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ሄደ። ሰብለ የሄደችው የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ነው። ከጦቢያ እስከ ሰብለ 58 ዓመት አልፏል። በመካከሉ ዐድዋን የዘመቱ አርጅተዋል፤ የጣሊያን ወረራ መጥቶ ሄዷል፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ ፓርላማ፣ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሟል። በልቦለድ ግን ሴት መንገድ የምትወጣው አሁንም ማንነቷን ሸፍና ነው። የወንዱ ልብስ በቆብ ተተካ እንጂ ሽፋኑ አልተነሣም።

ከዓመታት በፊት ይህን ምዕራፍ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ሰብለ በራሷ ቀሚስ ወጥታ ቢሆን ኖሮ ስንት ቀን ትሄድ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉ ሣቀ። አንዱ «አንድ ቀን» አለ፤ ሌላው «እስከ መጀመሪያው ወንዝ» አለ። ጥያቄዋ ግን ቀልድ አልነበረም። ተማሪዋ ወደ ትምህርት ቤት ስትመላለስ በእግሯ ብዙ መንገድ የሄደች ልጅ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቦለዱን ያለዚያ ጥያቄ አንብቤው አላውቅም። የዛሬው ንግግሬም መልስ ለመስጠት የሚደረግ ሙከራ ነው።

መልሴን በአጭሩ ላስቀምጠው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሦስት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው የገበሬዎቹ ነው፤ በአበጀ በለው መሪነት የፊታውራሪን ተጨማሪ መዋጮ እምቢ ይላሉ፤ ጌታቸውንም ይማርካሉ። ሁለተኛው የካሳ ዳምጤ ነው፤ «ጉዱ ካሳ» ተብሎ እንደ እብድ ቢታይም የሚያምንበትን ሁሉ በአደባባይ ይናገራል። ሦስተኛው የሰብለ ነው። ገበሬው በልቦለዱ ውስጥ ድል አገኘ፤ ካሳ አንደበት አገኘ። ሰብለ ያገኘችው በሞት አፋፍ ላይ ያለ ፍቅረኛ፣ ከዚያም ቆብ፣ በመጨረሻም መቃብር ነው። እኒያ ታላቅ ደራሲ ገበሬ ጌታውን ሲያስር ማየት ችለዋል። አንዲት ሴት በራሷ ልብስና በራሷ ስም መንገድ ስትሄድ ግን በዚያ ዓለም ውስጥ ማየት አልተቻላቸውም። ይህን የምለው ደራሲውን ለመክሰስ አይደለም። እንዲያውም የእውነተኛነታቸው ምስክር ነው፤ በዚያ ዘመን ያልነበረን በር አልሣሉም። ለእኛ የሚነግረን ግን ከባድ ነገር ነው፦ ከሴት የሚጠበቀው ነገር ከግብርና ከጭሰኝነት ይልቅ ጥልቅ ሥር እንዳለው።

ታሪክም ይህንኑ አረጋግጧል። መጽሐፉ በታተመ በሁለት ዓመቱ፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት በእውን ተነሣ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ ፊታውራሪ መሸሻ የቆሙበት ሥርዐት ፈረሰ። የአበጀ በለው ጥያቄ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከልቦለድ ወደ አዋጅ ተሻገረ ማለት ነው። የሰብለ ጥያቄስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ጋብቻ 15 ዓመትን፣ ለወንድ 18 ዓመትን ወስኖ፣ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር። የጋራ መኖሪያቸውንም የሚመርጠው ባል ነበር፤ የትም ትኑር የት የሚወስነው እሱ ነበር ማለት ነው። ይህ ሕግ ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ መሬቱም ከተከፋፈለ በኋላ ለ25 ዓመታት ያህል ቆመ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ የክልላችንም በ1995 ዓ.ም. ተከተለ። ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት ተወሰነ፤ መኖሪያንም ባልና ሚስት በጋራ እንዲመርጡ ተደነገገ።

ሕጉ ከወጣ በኋላም የኖረው እውነት ሌላ ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ በክልላችን ከ25 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ከነበሩት ሴቶች ግማሽ ያህሉ የተዳሩት ገና 14 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው። በአንጻሩ በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ ሆኗል። ከእናንተ መካከል ያ ደብተር በሣጥኗ ያለ እናት ብትኖር፣ ስሟ በገዛ ራሱ የቆመበት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ሊሆን ይችላል። በእኔ እምነት ያ ደብተርም የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

አሁን ወደ ሕንድ እንሻገር። ራቢንድራናት ታጎር «ቤትና ዓለም» የምንለውን ልቦለዱን በመጽሐፍ ያሳተመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1916 ነው። ቢማላ የባለ ርስት ሚስት ናት፤ ለሴቶች በተከለለው የውስጥ ክፍል ትኖራለች። ባሏ ኒኪል ደግና የተማረ ሰው ነው፤ እንድትወጣ፣ ዓለምን እንድታይ ይፈልጋል፤ እንግሊዛዊት መምህርት ያመጣላታል። በመጨረሻም ትወጣለች። ውጭ የሚጠብቃት ግን ሳንዲፕ የሚባል የነጻነት ትግል ሰባኪ ነው፤ እሱ ደግሞ እናት አገር ብሎ ያመልካታል። ጦቢያን አስታውሱ። ቢማላ ከሚስትነት ወጥታ አገርነት ውስጥ ገባች፤ ራሷን ለመሆን የቀራት ጊዜ አልነበረም። የወጣችውም በባሏ ፈቃድ፣ እንዲያውም በባሏ ግፊት ነው። ታጎር የሚያሳየን አንድ ረቂቅ ነገር አለ፦ የነጻነት ምኞት ራሱ ከወንድ ሲመጣ፣ ሴቲቱ የምትፈጽመው ሌላ ግዴታ ይሆናል።

ሁለተኛው ምሳሌዬ ወደ እኛ ይበልጥ ይቀርባል። አሻፑርና ዴቢ የተባለችው የቤንጋል ደራሲ «የመጀመሪያው ቃል ኪዳን» የሚል ትርጉም ያለው ልቦለዷን ያሳተመችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ነው፤ ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጋር የአንድ ዘመን ሥራ ነው። ደራሲዋ ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም፤ ፊደል የለየችው በቤቷ ነው። ዋናዋ ገፀ ባሕርይ ሳቲያባቲ በሕፃንነቷ ተድራለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ደንቡን እየጠየቀች ኖራለች። በመጨረሻ የዘጠኝ ዓመት ልጇን ሳያማክሯት ሲድሩባት፣ ሳቲያባቲ ባሏንና ቤቷን ትታ ትሄዳለች። የወንድ ልብስ አልለበሰችም፤ ፍቅረኛም አልተከተለችም። የሄደችው እናት ሆና፣ በራሷ መልክ፣ በቁጣ ነው።

ለምን ይህን ማየት ተቻላት? ሕንድ ከእኛ የተሻለ አገር ስለ ሆነ ነው ለማለት አልደፍርም፤ የልጅነት ጋብቻው፣ የዘር ቈጠራው፣ የባል የሞተባት ሴት መገለል በዚያም የከፋ ነበር። ልዩነቱ የሚመስለኝ የጻፈው ሰው የቆመበት ቦታ ነው። አሻፑርና ዴቢ የጻፈችው ከጓዳ ውስጥ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የሰብለን እስር ከአዳራሹ በኩል ቆመው በርኅራኄና በማስተዋል አዩት። አዳራሽ ላይ የቆመ ሰው በሩ መዘጋቱን ያያል። ጓዳ ያለች ሴት ግን በሩ በስንት መቀርቀሪያ እንደ ተዘጋ፣ የትኛው መቀርቀሪያ እንደ ላላም ታውቃለች።

በእኛም አገር ከጓዳ የተሰማ ድምፅ አልጠፋም። ስንዱ ገብሩ «የልቤ መጽሐፍ»ን ያሳተመችው በ1942 ዓ.ም. ነው፤ በኋላም ለፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። እንግዲህ ሴቶች አልጻፉም ማለት አንችልም። ሆኖም ለሕትመት፣ ለሬዲዮና ለማስተማሪያ መጽሐፍ የበቃው አብዛኛው ልቦለድ የወንዶች ሆኖ ኖሯል። በእነዚህ የወንዶች ሥራዎች ውስጥ ሴት በራሷ ቀሚስ መንገድ ስትወጣ የምናገኛት አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ቡና ቤት ነው። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ለብዙ ዓመታት ሳይታተም በቆየው «ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ሴቶች ያለ ፍርድ፣ እንደ ሰው አድርጎ ማሳየቱ ትልቅ ድፍረት ነው። ቢሆንም ሦስቱን አንድ ላይ ስናያቸው፣ ልቦለዳችን ለመንገደኛይቱ ሦስት ልብሶች ብቻ እንዳዘጋጀላት እንረዳለን፦ የወንድ፣ የመነኩሴ፣ ወይም የቡና ቤት።

አራተኛ ልብስ አለ? አለ ብዬ አምናለሁ። በውጭ አገር የምትኖረው ኢትዮጵያዊት ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ የጻፈችው፣ «የጥላው ንጉሥ» ልንለው የምንችለው ልቦለዷ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ታተመ፤ በተከታዩ ዓመትም ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች መካከል ገባ። ታሪኩ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለ ዘመቱ ሴቶች ነው። አስቴር የተባለችው እመቤት የባሏን ካባ ደርባ ሴቶችን ታስነሣለች፤ አገልጋይ የነበረችው ሂሩት የወታደር ልብስ ለብሳ የሐሰተኛው ንጉሥ ጠባቂ ትሆናለች። እዚህም ሽፋኑ አልቀረም። ልቦለዱ የሚከፈተው ግን ከጦርነቱ ብዙ ዓመታት በኋላ፣ በአብዮቱ ዋዜማ፣ ሂሩት በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ ሳለ ነው። ሣጥን ይዛ ከሩቅ መጥታለች። ሴት መሆኗን አልሸፈነችም፤ ፈቃድ የሰጣት ሰውም የለም። የመጣችው የራሷ ጉዳይ ስላላት ነው። ከ«ጦቢያ» በኋላ አንዲት ሴት በዚህ መልክ መንገድ ላይ እስክትቀመጥ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ።

ወደ ተማሪዎቼ ልመለስ። በየዓመቱ ስለ ሰብለ ወንጌል የሚጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎችን አነባለሁ። አብዛኞቹ ሰብለን የታማኝ ፍቅር ምሳሌ አድርገው ያወድሷታል፤ መቃብሩንም የፍቅር ድል ይሉታል። ውዳሴው ከልብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ይህን ስትሰማ ምን ትማራለች? ጥሩ ሴት ማለት እስከ መጨረሻ የታገሠች፣ በመጨረሻም ዓለምን የተወች ናት የሚል ትምህርት ትወስዳለች። ይህ ትምህርት የልቦለዱ አይደለም፤ የእኛ ንባብ ነው። ካሳ ዳምጤ በዚያ መቃብር አጠገብ ቢገኝ ድል አይለውም፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ የተናገረው ያ መቃብር መቆፈር አልነበረበትም ብሎ ነው። ሥቃይን በውበት ጠቅልለን ስናስተምር፣ ልቦለዱ የከሰሰውን ነገር እኛ መልሰን እንባርከዋለን።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ላሳስብ። አንደኛ፣ ገፀ ባሕርይዋን ከማድነቃችን በፊት ምን እንደ ፈለገች እንጠይቅ፤ መልሱ በልቦለዱ ካልተገኘ ዝምታው ራሱ የምርምር ርእስ ነው። ሁለተኛ፣ ልቦለድን ከሕግ፣ ከመሬት ደብተርና ከቃል ትረካ ጋር አስጠግተን እናንብብ። በዚህ አዳራሽ ያሉ እናቶች የተዳሩበትን ቀን፣ ከእናታቸው ቤት እስከ አማታቸው ቤት የሄዱበትን መንገድ ቢተርኩልን በየትኛውም ቤተ መጻሕፍት የማይገኝ ቅርስ ይሆናል፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ፣ አክብራችሁ ሰብስቡ። ሦስተኛ፣ እናንተ ሴቶች ተማሪዎች ጻፉ። ስለ ሴት ብቻ ጻፉ አልልም፤ ስለ ገበያም፣ ስለ ዓባይም፣ ስለ ጦርነትም፣ ስለ ሥልጣንም ጻፉ። ከጓዳ በኩል የሚታየው አገር ከአዳራሽ በኩል ከሚታየው የተለየ ስለ ሆነ፣ ሁለቱም ካልተጻፉ ግማሹን አገር አናውቀውም።

ያቺ ተማሪ የጠየቀችውን ጥያቄ ለእናንተ አስተላልፌዋለሁ። ሰብለ በራሷ ቀሚስ ስንት ቀን ትሄድ እንደ ነበር በ1958 ዓ.ም. የተጻፈው ልቦለድ ሊመልስልን አይችልም። ገና ያልተጻፈው ግን ይችላል። ጥያቄና አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም እናቶች፣ መድረኩ የእናንተ ነው።